ቼክሊስቱ ላይ የሌለው

ሐሙስ ማታ

ዛሬ በነርስነት በምሠራበት ዋርድ ውስጥ አንዲት እናት አረፉ። የልብ ድካም ነበረባቸው። ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) ከመጡት የነርሲንግ ተማሪዎች አንዷ ነበረች የምትከታተላቸው። ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀት) ልትለካ በሄደች ቁጥር "የኔ ልጅ፣ ቁርስ በላሽ?" ይሏት ነበር።

አስከሬኑን አብረን አዘጋጀን። ልጅቷ እጇን ታጥባ በቀጥታ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደችና የደም ግፊት መለካት ጀመረች። ኢንስትራክተሯ "ጎበዝ፣ ጠንካራ ነሽ" አላት። እኔን ግን ያስጨነቀኝ ይሄው ጥንካሬዋ ነው።

እኛ አገር ሰው ሲሞት ይለቀሳል። ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ይህን እያዩ ያደጉ ልጆች ናቸው ዋርድ ገብተው ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ሲጮህ ቻርት የሚሞሉት። የት ሄደው ያልቅሱ? ዶርም ውስጥ ስድስትና ስምንት ሆነው ነው የሚኖሩት።

ለኢንስትራክተሩ አይነግሩትም። ማርክ የሚሰጠው እሱ ነዋ! "እንቅልፍ አጥቻለሁ" ያለ ተማሪ ነገ መድኃኒት ሲሰጥ በሌላ ዓይን እንደሚታይ ያውቃል። የሚገርመው ደግሞ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ በቃላቸው ያውቁታል። "ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ…" እያሉ በሽተኛ ይጠይቁበታል። እነሱን የሚጠይቅ ግን የለም። ለሥነ አእምሮ ልምምድ አማኑኤል ደርሰው የመጡትም ቢሆኑ፣ ጓደኛቸው ሲከፋው "አንተም እዚያው ልትገባ ነው" ብለው ይቀልዱበታል።

ሌላም ጭነት አለባቸው። ብዙዎቹ ሕክምና መማር ፈልገው ውጤት ወደ ነርሲንግ ያመጣቸው ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሃምሳ ከመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም። እሱን ሲያልፉ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ሥራ ያጡ የቀድሞ ተመራቂዎችን ያያሉ።

እኔ ማርክ አልሰጥም። ሳስበው ትልቁ ጥቅሜ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ዲዩቲያችን ሲያልቅ ልጅቷን ሻይ ይዣት ወጣሁ። "ምን ተሰማሽ?" አላልኳትም፤ እንዲህ ሲባሉ "ደህና ነኝ ሲስተር" ብለው ይዘጉታል። "እስቲ ስለ እማማ አጫውቺኝ" አልኳት። ስለ ቁርሱ ነገረችኝ። ቀጥላ ስለ አያቷ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። እኔም ዝም ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። መጨረሻ ላይ የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው፤ መኖር የሚያስጠላት ሐሳብ መጥቶባት ያውቅ እንደሆነ። "ኧረ በፍጹም" አለች። አዎ ብትል ኖሮ ብቻዋን አልለቃትም፣ እጇን ይዤ ሥነ አእምሮ ክሊኒክ እወስዳት ነበር። መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አያመጣም።

ሻይ ሁሉን አይፈታም፣ እኔም ሳይኮሎጂስት አይደለሁም። ለኃላፊያችን ሁለት ነገር ጠይቄያለሁ። በሽተኛ የሞተበት ተማሪ ያን ቀን ሌላ ከባድ ኬዝ አይሰጠው፤ ከዲዩቲ በኋላም ያለ ኢንስትራክተር አንድ አሥር ደቂቃ እናውራ። "እናያለን" ብላለች። ኮሌጁ የምክር አገልግሎት አለኝ ይላል፣ እውነቱን ነው፤ አለው። ቢሮው ግን ከዲኑ ቢሮ ጋር በር ለበር ነው። ማን ደፍሮ ያንኳኳል?