ወይ ስሙን ፍቁለት

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በሃሎዊን ሰሞን ብቻ በሚከፈት የማስፈራሪያ ቤት ነው፤ ድምፅና መብራቱ የእኔ ኃላፊነት ነው። ደም መጣጩ ድራኩላ የሌለበት ዓመት የለም። ካባውን ለብሶ፣ ክራንቻውን አግጦ ከሬሳ ሣጥን ይነሣል፣ እንግዳው ይጮኻል፣ ቀጣዩ ቡድን ይገባል።

ባለፈው ዓመት አለቃችን ክፍሉ «ታሪካዊ» ይሁን አለና በሩ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ አሠራ፦ «ቭላድ ሦስተኛ፣ የትራንሲልቫኒያ ንጉሥ፣ ደም ጠጪው»። ከሥሩ ዓመተ ምሕረት ሳይቀር ተጽፎበታል።

ክፍሎቹን የሚሠሩልን አናጢ ሮማኒያዊ ናቸው፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቁጥብ ሰው። ሰሌዳውን ስቀሉ ሲባሉ አነበቡትና ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ «ይህን እኔ አልሰቅልም» አሉ። አለቃችን የቀለዱ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ቭላድ የዋላኪያ፣ የዛሬዋ ሮማኒያ ደቡባዊ ክፍል፣ መስፍን እንጂ የጎረቤቷ የትራንሲልቫኒያ ንጉሥ አልነበረም አሉ። በልጅነቱ ከታናሽ ወንድሙ ከራዱ ጋር ለኦቶማን ቱርኮች መያዣ ተሰጥቶ ዓመታት በእጃቸው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1453 ቁስጥንጥንያን የያዘው ሱልጣን መህመድ በ1462 በዋላኪያ ላይ ሲዘምት፣ ቭላድ በሰኔ ወር በሌሊት የሱልጣኑን ሰፈር ሰብሮ ገባ፤ ድንኳኑን ፍለጋ። አላገኘውም። ብዙም ሳይቆይ ዙፋኑን የወሰደበት ከሱልጣኑ ጋር የመጣው ራዱ ነው። ጭካኔውን አልደበቁም። ጠላቶቹን በሾለ እንጨት ላይ ይሰካ እንደነበር ራሳቸው ነገሩን። ስሙን ከእሱ የወሰደው፣ ከመቃብር የሚነሣው ካውንት ድራኩላ ግን በ1897 የታተመው የደራሲው ብራም ስቶከር ልብወለድ ሰው ነው።

በአገራቸውም ነገሩ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2001 የሮማኒያ መንግሥት ሲጊሾዋራ ከተማ አጠገብ የድራኩላ መዝናኛ ፓርክ ልሥራ ብሎ ነበር። ከተማዋ በዩኔስኮ የተመዘገበች ቅርስ ስለሆነች ተቃውሞው በረታ፤ ዕቅዱ ቡካሬስት አጠገብ ወዳለችው ስናጎቭ ዞረና እዚያም ቀረ።

ቆሜ ስሰማ አጼ ቴዎድሮስ መጡብኝ። መቅደላ ላይ እስረኞችን ወደ ገደል ማስወርወራቸውን እናውቃለን፣ እናስተምራለንም። ግን አንድ ሰው ሹሩባቸውን አስመስሎ፣ ክራንቻ ቀጥሎ፣ «አባ ታጠቅ» ብሎ ከሬሳ ሣጥን ቢያስነሣቸው እኔም መዶሻዬን አስቀምጥ ነበር።

አለቃችን «ሰው የሚከፍለው ለመደንገጥ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ቤቱ ትምህርት ቤት አይደለም። ግን ስምና ዓመተ ምሕረት ከጻፍን እንግዳው እውነት ብሎ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አቀረብኩ፦ ወይ የቭላድን ስም ፍቀን ድራኩላን በልብወለድነቱ እንተወው፣ ወይ ስሙን ይዘን የሱልጣኑን ሰፈር የሰበረበትን ያንን ሌሊት እንሥራው። ጨለማ፣ ችቦ፣ ከኋላ የሚቀርብ የፈረስ ኮቴ። እኔ ሁለተኛውን ፈልጌ ነበር፤ ድምፁንም በአንድ ምሽት አዘጋጅቼ አሰማሁት።

ወደደው፤ ለበጀቱ ግን አልደፈረም። ቭላድ የሚለው ስምና ዓመቱ ተፋቀ፣ «ድራኩላ» ብቻ ቀረ። የፈረሱን ኮቴ ከክፍሉ በፊት ባለው ኮሪደር አስገባነው። አናጢው ሰሌዳውን ሰቀሉት፤ ደስ ብሏቸው ግን አልነበረም፤ እሳቸውም የፈለጉት ሁለተኛውን ነበር። ዘንድሮ አዲስ ክፍል ሲታሰብ አለቃችን የሰሌዳውን ጽሑፍ ገና በረቂቅ ሳለ ለሁለታችንም አምጥቶ አስነበበን።