ከማኅበር ቤት ውጪ የሚኖሩ እኅቶቻችን

በድሬዳዋ ካቶሊካውያን መካከል አንዲት ሲስተር ከማኅበሯ (በመሐላ ከገባችበት የገዳማውያን ማኅበር) ቤት ወጥታ ወላጆቿ ዘንድ መኖር ስትጀምር፣ ጎረቤቱም የቁምስናው ምእመንም ብዙ ሳይጠይቅ «ቆቧን ጣለች» ይላል። ይህ ፍርድ እኅቶቻችንን እጅግ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜም ሐሰት ነው።

ድሬዳዋን የሚያጠቃልለው የሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት (እንደ ሀገረ ስብከት ያለ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር) የላቲን ሥርዓት የሚከተል በመሆኑ፣ በአካባቢያችን በአመዛኙ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጀው ሕገ ቀኖና፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ቀኖና (አንቀጽ) 665 መሠረት አንድ የማኅበር አባል በበላይ አለቃው ፈቃድ እስከ አንድ ዓመት ከቤቱ ውጪ ሊኖር ይችላል፤ ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም በማኅበሩ ስም ለሚፈጸም ሐዋርያዊ አገልግሎት ሲሆን ጊዜው ሊረዝም ይችላል። የታመመች እናቷን ልታስታምም የመጣች ሲስተር ብዙውን ጊዜ በዚህ ፈቃድ ትሸፈናለች።

ከዚህ የሚከብደው በቀኖና 686 የተደነገገው ፈቃድ ነው። ዘላለማዊ መሐላ የፈጸመ አባል ከባድ ምክንያት ሲኖረው፣ የማኅበሩ ጠቅላይ አለቃ በአማካሪዎቹ ስምምነት ከማኅበር ኑሮ ውጪ እንዲኖር ሊፈቅድለት ይችላል። ጊዜው ቀድሞ ከሦስት ዓመት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ አምስት ዓመት አራዘሙት። ካህን ከሆነ የሚኖርበት ሀገረ ስብከት ጳጳስም መስማማት አለበት።

ቤተሰብ ከሁሉ በላይ ሊያነበው የሚገባው ቀኖና 687 ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የቀኖና 686 ፈቃድ ያገኘች እኅት ከአዲሱ ኑሮዋ ጋር ከማይስማሙ ግዴታዎች ብቻ ነፃ ትሆናለች እንጂ መሐላዋ አይፈርስም፤ ንጽሕናን፣ ድህነትንና መታዘዝን ለመጠበቅ የገባችው ቃል እንደ ጸና ነው። በአለቆቿና በአካባቢው ጳጳስ ሥር፣ በእነርሱም እንክብካቤ ትቆያለች። በማኅበሩ ውስጥ የመምረጥና የመመረጥ መብት ባይኖራትም፣ የፈቃዱ ደብዳቤ ካልከለከለ በቀር የማኅበሩን ልብስ ልትለብስ ትችላለች። በግዕዝ ሥርዓት የሚመሩትን ካቶሊካውያን የሚመለከተው የምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ግን ልብሱ እንዲወልቅ ያዝዛል፤ ስለዚህ የማኅበሯን ልብስ ሳትለብስ የታየች ሲስተር ሕጉን እየፈጸመች ልትሆን ትችላለች።

«እንክብካቤ» የሚለው ግዴታ ማኅበሮችን በቀጥታ ይመለከታል። ፈቃዱን ሰጥቶ ከዚያ በኋላ የማይጠይቅ፣ የማይጎበኝና ስለ ኑሮዋ የማይጨነቅ ማኅበር ድርሻውን አልተወጣም። ምእመናንም ለእርሷ በቁምስናው ቦታ ልንነፍጋት የምንችልበት ምንም ሕጋዊ ምክንያት የለም።

የተፈቀደው ጊዜ ሲያልቅ እኅታችን ወደ ማኅበሯ ትመለሳለች፤ ወይም ማራዘሚያ ትጠይቃለች። ከአምስት ዓመት የሚያልፈውን ማራዘሚያ የሚሰጠው ለጳጳሳዊ ማኅበራት (በቀጥታ በሮም ሥር ላሉት) ቅድስት መንበር፣ ማለትም የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መንበር፣ ለሀገረ ስብከት ማኅበራት (በአንድ ጳጳስ ሥር ላሉት) ደግሞ ጳጳሱ ነው። ለዘለቄታው መውጣት ከፈለገች ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርባታል፤ ከመሐላዋ የምትፈታውም ያ ፈቃድ ተሰጥቷት ስትቀበለው ብቻ ነው።