ለማየት ወይስ ለመታየት? ለሌሊት የካያክ ቀዘፋ መብራት የመረጥኩበት መንገድ

በሌሊት ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ለመቅዘፍ ያሰበ ሰው መብራት ሲገዛ ቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ይበልጥ እንደሚያበራ ነው። ጥያቄው ባይከፋም ሩቅ አያስኬድም። እኔ ምርጫዬን የጀመርኩት ከሌላ ጥያቄ ነው፤ መብራቱን የምፈልገው እኔ እንዳይ ነው ወይስ ሌሎች እንዲያዩኝ? ሁለቱ ሥራዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እንዲያውም አንዱ ሌላውን የሚያበላሽበት ጊዜ ይበዛል። ጨረሩን ወደ ፊት አርቆ የሚወረውር የእጅ ባትሪ ከኋላ ለሚመጣ የሞተር ጀልባ ምንም አይፈይድም። ዙሪያውን እኩል የሚያበራ መብራት ደግሞ ከቀዛፊው ፊት ከተተከለ ዓይኑን ያጥበረብረዋል። ይህን ከለየሁ በኋላ ለሁሉም የሚሆን አንድ መብራት መፈለጉን ተውኩና ለየሥራው የሚሆነውን ማፈላለግ ያዝኩ።

ቅድሚያ የሰጠሁት ለመታየቱ ነው። ካያክ ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ ከውሃው ወለል አንድ ሜትር ያህል እንኳ ከፍ አይልም። ዓይን ቢወጉ በማይታይበት ጨለማ ከሩቅ ሊለየው የሚችል የለም፤ ከበስተጀርባው የዳርቻ መብራቶች ካሉ ደግሞ የያዛት ትንሽ ብርሃንም ከእነሱ ጋር ትምታታለች።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ ከእንዲህ ያለው ጀልባ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ደንብ ቁጥር 25 በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ የባለ ሸራ ጀልባ መብራቶችን ማብራት እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ካላበራ ግን ነጭ ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪ ወይም ፋኖስ በቅርብ ይዞ፣ ግጭትን ለማስቀረት በቂ ጊዜ እያለ ማሳየት አለበት ይላል። የየአገሩ የሐይቅና የወንዝ ደንብ ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል የምወጣበትን ውሃ ደንብ አስቀድሜ አነባለሁ። ዝቅተኛው ግዴታ ግን እኔን አላረካኝም። ሁለት እጄ መቅዘፊያ ይዞ ሳለ ከኋላዬ የሞተር ድምፅ ሰምቼ፣ ዞሬ፣ ባትሪ አንሥቼ እስካበራ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የእጅ ባትሪዬን በሕይወት አድን ጃኬቴ ደረት ላይ በገመድ አሠርኩ፤ በዚያ ላይ ከኋላዬ በቆመ ዘንግ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚበራ ነጭ የዙሪያ መብራት ተከልኩ።

ይህን ዘንግ የማይወዱ ቀዛፊዎች አሉ። ብቻውን የሚታይ ነጭ የዙሪያ መብራት መልሕቅ የጣለ ጀልባ ምልክት ስለሆነ ነጂዎችን ያሳስታል ይላሉ። ቅሬታቸው መሠረት አለው። እኔ ግን የቆመ ጀልባ ነው ተብሎ መገመትን ጭራሽ ካለመታየት አብልጬ እመርጣለሁ፤ የቆመ ጀልባንም ቢሆን ሰው ዞሮት ነው የሚያልፈው። ቀይና አረንጓዴ የጎን መብራቶችንም አስቤባቸው ነበር። ካያክ አፍንጫ ላይ የሚለጠፉት ትንንሾቹ ግን መጠነኛ ሞገድ በመጣ ቁጥር ውሃ ስለሚሸፍናቸው ተውኳቸው።

ብልጭ ድርግም የሚሉት መብራቶች ዓይን ይስባሉ፤ ገበያውም በእነሱ ተጥለቅልቋል። ሆኖም ያው ዓለም አቀፍ ደንብ ሌሎችን ለማንቃት ተብሎ ኃይለኛ ብልጭታ መጠቀምን አስወግዱ ይላል። በአሜሪካ የውስጥ ውሃዎች ደግሞ በደቂቃ ከ50 እስከ 70 ጊዜ ብልጭ የሚል ኃይለኛ ነጭ መብራት የድረሱልኝ ምልክት ነው። ብልጭታ ሌላም እንከን አለው፤ ብርሃኑ በየመሀሉ ስለሚጠፋ ነጂው ርቀቱንና አቅጣጫውን ለመገመት ይቸገራል። እኔም አንዲት ባለ ብልጭታ መብራት በጃኬቴ ትከሻ ላይ አለችኝ፤ የምትበራው ግን ከካያኩ ወጥቼ ውሃ ውስጥ ከቀረሁ ብቻ ነው።

ከመብራቱ ዓይነት ይልቅ ብዙ ያሠራኝ የሚተከልበት ቦታ ነበር። ካያኩን ደረቅ መሬት ላይ አስቀምጬ፣ በጨለማ ገብቼበት ተቀመጥኩ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ራቅ ብሎ ዙሪያዬን እየዞረ መብራቱ የሚጠፋበትን ቦታ ሁሉ በድምፅ ይነግረኝ ጀመር። መብራቱ በትከሻዬ ልክ ሳለ የገዛ አካሌ ከፊት በኩል ሰፊ ቦታ ጋረደው። ዘንጉን ከፍ አድርገን መብራቱ ከራሴ በላይ አንድ ስንዝር ሲያልፍ ነው ጓደኛዬ «አሁን ከየትም ይታያል» ያለው። ቀጥሎ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ብርሃኑ ወደ ታች ወርዶ የካያኩን ነጭ ገጽና የመቅዘፊያውን እርጥብ ምላስ ያበራል፤ መቅዘፊያው በተነሣ ቁጥር ዓይኔ ውስጥ ይጋረፋል። መፍትሔው ርካሽ ሆነ። ከአንድ የፕላስቲክ ክዳን ክብ ቆርጬ፣ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜ፣ ከመብራቱ ሥር እንደ ጃንጥላ አሰርኩት። ለሩቁ ሰው ብርሃኑ አልተነካም፤ እኔ ግን ጨለማዬን መልሼ አገኘሁ።

ጨለማው ደግሞ የሚያስፈልግ ነገር ነው። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ቅጽበት በሚያበራ ባትሪ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ለማየት የመረጥኩት የግንባር ባትሪ በኃይሉ የተመሰገነውን ሳይሆን እጅግ ደብዛዛ እርከን ያለውን ነው። ካርታ ለማንበብ ደብዛዛ ቀይ ብርሃን የሌሊት እይታን ብዙም አይጎዳም፤ በካርታው ላይ ያሉ ቀይ መስመሮች ግን በቀይ ብርሃን ሥር ዓይን ላይ ይጠፋሉ። ቀዩንም ቢሆን ቀና ብዬ አላበራውም፤ ከሩቅ ላየው ሰው የጀልባ ግራ ጎን ይመስለዋልና። አብረን የምንወጣ ሰዎች ደግሞ ስናወራ የግንባር ባትሪ እናጠፋለን። ስሙን ጠርተውት ፊቱን ከነመብራቱ የሚያዞር ሰው ሁላችንንም ለደቂቃዎች ያሳውረናል።

ዘንጉ የሚቆምበትን መሠረት በተመለከተ፣ አየር እየሳበ በሚጣበቅ ጎማ አልተማመንም። ደረቅና ንጹሕ ገጽ ላይ ጥርስ ነክሶ ይይዛል፤ ጥቂት አሸዋ ከገባበት ወይም ገጹ ሻካራ ከሆነ ግን ሳይታወቅ ይለቃል፤ ያን ጊዜ መብራቱ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። የእኔ መሠረት በብሎን የታሰረ ነው፤ መብራቱም ዘንጉም ለየብቻቸው በቀጭን ገመድ ከካያኩ ጋር ተያይዘዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ካያክ ተገልብጦ ቀዛፊው ተመልሶ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚሳበው በጀርባው በኩል፣ ልክ ዘንጉ በቆመበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ዘንጉን ከመሀል ወደ አንድ ጎን አዛወርኩት፤ በአንድ እጅ ተጠምዞ የሚነቀል እንዲሆንም አደረግሁ። ይህን ጥልቀት በሌለው ውሃ በቀን ሞክሬዋለሁ፤ ዘንጉን ሳልነቅል ለመውጣት ስሞክር ጃኬቴን ያዘኝ።

የመብራት ካርቶን ላይ የሚጻፉ ቁጥሮች ውሸት ባይሆኑም አንባቢ ይፈልጋሉ። ሉመን መብራቱ በሁሉም አቅጣጫ የሚያወጣውን የብርሃን ድምር እንጂ ብርሃኑ የት እንደሚደርስ አይናገርም። ኤፍኤል 1 በሚባለው የእጅ ባትሪዎች መለኪያ የጨረር ርቀት ማለት ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ እስከሚወርድበት ያለው ርቀት ነው፤ ይህም የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ነው። በዚያ ርቀት ላይ ያለ ድንጋይ ወይም ግንድ በግልጽ ይታያል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የመብራት ቆይታ የሚለካው ደግሞ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። 40 ሰዓት የሚል ጽሑፍ ካየሁ አብዛኛው ሰዓት በደብዛዛ ብርሃን ሊያልፍ እንደሚችል እገምታለሁ። እኔ ራሴ የሞከርኩት ስልኬን አንድ ቦታ አቁሜ፣ የካሜራውን የብርሃን ልክ ቆልፌ፣ በየሰዓቱ ፎቶ በማንሣት ነው። አንዱ መብራት ገና ከጅምሩ ቀስ በቀስ ሲፈዝ፣ ሌላው ለረጅም ሰዓት እኩል አብርቶ በመጨረሻ በድንገት ወረደ። ለዘንጉ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው፤ በአዲስ የባትሪ ድንጋይ እስከጀመርኩ ድረስ እስከ ስንት ሰዓት እንደማምነው አውቃለሁ።

ውሃ መከላከያውም እንዲሁ ነው። አይፒኤክስ 4 የሚለው ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን ይቋቋማል ማለት ነው፤ ለካያክ አይበቃም። አይፒኤክስ 7 በአንድ ሜትር ጥልቀት 30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ሲሆን፣ አይፒኤክስ 8 ከዚያ የከበደውን አምራቹ በገለጸው ጥልቀትና ጊዜ ይቋቋማል ማለት ነው። ፈተናው ግን የሚደረገው በረጋ ንጹሕ ውሃ፣ በአዲስ ዕቃ ላይ ነው፤ ጨው፣ የሞገድ ምትና ያረጀ ጎማ አይገቡበትም። እኔ የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቼ በቦታቸው የታጠፈ ሶፍት ከተትኩና መብራቶቹን ባልዲ ውስጥ በክብደት አስምጬ አሳደርኳቸው። ጠዋት ስከፍታቸው የአንዱ ሶፍት ረስርሶ ወጣ፤ ውሃው የገባው በዩኤስቢ መሙያው ቀዳዳ ላይ ባለችው የጎማ ክዳን በኩል ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍት የመሙያ ቀዳዳ ያለበትን መብራት አልገዛም።

ማብሪያ ማጥፊያውን በቀዘቀዘና በረጠበ እጅ፣ ጓንት አድርጌ ሞከርኩ። አንዳንዱ ለመጥፋት የግድ በብልጭታው እርከን ማለፍ አለበት፤ እሱን ወዲያው ነው የጣልኩት። ጭንቅላቱ ሲጠመዘዝ የሚበራ መብራት ለእኔ ተመራጭ ሆነ፤ ከረጢት ውስጥ ተጭኖ ሳይታሰብ አይበራም፣ ጣቴ ቢደነዝዝም አይጠፋኝም።

የባትሪ ድንጋዩን በሚመለከት፣ አልካላይን በብርድ ይደክማል፤ ውስጡ ተረስቶ ከከረመም እያፈሰሰ ሞላውን ይበላዋል። የማይሞላው ሊትየም ብርድ ይችላል፣ ክብደቱም ቀላል ነው፤ ተቀማጭ አድርጌ የምይዘው እሱን ነው። ሁሉም መብራቶቼ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ድንጋይ እንዲወስዱ አድርጌ መርጫቸዋለሁ። ተቀማጩ ውሃ በማያስገባ ትንሽ ከረጢት በጃኬቴ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ካያኩ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ያለ ድንጋይ መሀል ውሃ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። ኮምፓስ ያለው ሰው ደግሞ መብራቱን አብርቶ ወደ ኮምፓሱ ያስጠጋና ይመልከት። ማግኔት ባለው ማብሪያ የሚሠሩት መብራቶች፣ አንዳንዴም ድንጋዮቹ ራሳቸው መርፌውን ከቦታው ያንቀሳቅሱታል።

አንጸባራቂ ፕላስተር ድንጋይ አይፈልግም። በመቅዘፊያው ምላሶች ሁለት ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሆነ ቶሎ ዓይን ይስባል። የሚሠራው ግን ሌላው ሰው መብራት ሲያበራበት ብቻ ስለሆነ የመብራትን ቦታ አይተካም።

ስመለስ መብራቶቹን ሁሉ በንጹሕ ውሃ አጥባለሁ፣ ድንጋዮቹን አወጣለሁ፣ ክዳናቸውን ከፍቼ በጥላ አደርቃለሁ። የጎማ ቀለበቱን ሲሊኮን ግራሶ በስሱ እቀባዋለሁ፤ ጎማው ላይ ስንጥቅ ካየሁ እለውጠዋለሁ። በሚቀጥለው ጉዞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳርቻ ላይ እያለሁ ሁሉንም አብርቼ አያለሁ፤ ከዘንጉ መብራትና ከእጅ ባትሪው አንዱ ካልበራ አልወጣም። ሁለቱም በርተው ጭጋግ ከወረደም አልወጣም፤ በጭጋግ ውስጥ የግንባር ባትሪው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ የዘንጉ መብራትም ሩቅ አይታይም።