ሁለት ጊዜ የተነከረ ጨርቅ

ከአቃቂ ቃሊቲ ወጣ ብሎ፣ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ የጥጥ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ሆኜ ስቀጠር የተረከብኩት አንድ ወፍራም ማህደር ነበር። ከውጭ አገር የመጣ ገዢ ስለጠየቀ የተዘጋጀ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 14001 የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት ደረጃ ሰነድ ነው። ማህደሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ሥራን በጥቂት በጥቂቱ ያለማቋረጥ የማሻሻያ ዘዴ የሆነው የካይዘን ሰሌዳ ደግሞ ታች በማሽኖቹ መካከል ተሰቅሏል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ አንድ ደረጃ መውረድ ብቻ ይበቃል። ሆኖም ሰሌዳውን የሚሞሉት ሠራተኞች ማህደሩን አይተውት አያውቁም፤ እኔም ለወራት ሰሌዳውን ቆሜ አላነበብኩትም።

የካይዘን ቡድኑን ሥራ አቅልዬ አልናገርም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የሚባሉት አምስቱ ማዎች በብዙ ፋብሪካዎች ግድግዳ ላይ ተጽፈዋል፤ በእኛም ቤት ዕቃ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ በእርግጥ ቀንሶ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። የቶዮታው ታይቺ ኦህኖ የዘረዘራቸው ሰባቱ ብክነቶች ከመጠን በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ አላስፈላጊ ሂደት፣ ክምችት፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና ብልሽት ናቸው። ውሃ፣ እንፋሎትና ፍሳሽ በስማቸው አልተጠሩም። በስም ያልተጠራ ነገር ደግሞ ሰሌዳ ላይ ቦታ አያገኝም።

ሰሌዳው ላይ «ድጋሚ ማቅለም» የሚል አንድ መስመር ነበር፤ የሚለካውም በሰዓት ነው። አንድ ቀን ከመስመሩ ፊት ቆሜ ሂሳቡን በውሃ ሠራሁት። ማሽናችን ለአንድ ኪሎ ጨርቅ 8 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ 300 ኪሎ ሲጫን አንድ ሙሌት 2,400 ሊትር ነው። ከመጀመሪያው ማንጻት እስከ መጨረሻው እጥበት ስምንት ጊዜ ይሞላል፣ ስምንት ጊዜ ይደፋል፤ 19,200 ሊትር መሆኑ ነው። ለጥቁር ሰማያዊ ደግሞ ቀለሙን ወደ ክሩ የሚገፋ ጨው በሊትር 70 ግራም ይገባል፤ ቀለሙ ለሚነከርበት አንድ ሙሌት 168 ኪሎ። ጨው ጨርቁ ላይ አይቀርም፣ ከእጥበቱ ጋር ይወጣል። በባክቴሪያ የሚሠራው የፍሳሽ ማጣሪያችንም ጨውን አያስቀርም። ስለዚህ አንድ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ሲነከር ያ ሁሉ ጨው እንደገና ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። በዚህ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ አርሶ አደሮች አሉ። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ አያቸዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ቀና ብዬ ላያቸው ከበደኝ።

በማግስቱ ሂሳቡን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ከሰሌዳው ጎን ለጠፍኩት። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ቀለም ነካሪ ቆመው አነበቡት። «ልጄ፣ ይህ የሚብሰው በክረምት ነው፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ይጨልምብናል» አሉኝ። «ለምን ጋሼ?» ስላቸው ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ። ግድግዳውን ተደግፎ የተቆለለውን ጨርቅ በእጄ አስዳሰሱኝ፤ ረጥቧል።

ከዚያ በኋላ «ለምን» እያልን ወደ ታች ወረድን። የቀለሙ መጠን የሚሰላው በጨርቁ ክብደት ነው። እርጥብ ጨርቅ ስለሚከብድ ከሚገባው በላይ ቀለም ይመዘንለታል። የሳሳ ቀለም ተጨምሮበት ይስተካከላል፤ የጨለመው ግን በኬሚካል ተገፎ እንደገና መነከር አለበት። ጨርቁ ለምን ረጠበ? ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ስለተቆለለ። ለምን እዚያ ተቆለለ? ዋጋ ይጨምራል በሚል ስጋት የሦስት ወር ጨርቅ በአንድ ጊዜ ስለተገዛና መጋዘኑ ስለሞላ። እኔ የማጣሪያ ገንዳውን ስመረምር ከርሜአለሁ፤ የብክለቱ ሥር ግን የግዢ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጣሪያውን ማስጠገን ቀላል ሆነ፤ ግዢውን በየወሩ ማድረግ ግን ብዙ ክርክር ጠይቋል።

በዚህ ውጤት ተበረታትተን አንድ ከባድ ስህተት ሠራን። የካይዘን ቡድኑ ክምችትን የበለጠ ለመቀነስ በ300 ኪሎ ፋንታ በ100 ኪሎ እንድንነክር ሐሳብ አቀረበ፤ እኔም በደስታ ፈረምኩ። በካይዘን ትምህርት መሠረት ትክክል ነው። የውሃ ቆጣሪው ግን ሌላ ነገር ነገረን። ትልቁ ማሽን ፓምፑ እንዲሠራ የተወሰነ ውሃ የግድ ስለሚፈልግ ጭነቱ ወደ ሲሶ ሲወርድ ውሃው በዚያው ልክ አልወረደም። ቀለም በተቀየረ ቁጥርም ማሽኑ ይታጠባል። ክምችታችን ቀነሰ፣ ፍሳሻችን ጨመረ።

ወደ ድሮው መመለስ አልፈለግንም። ትንንሽ ትዕዛዞችን ለትንሹ ማሽን ብቻ ሰጠን። የሳምንቱን ቀለም ደግሞ ሰኞ ከነጣው ጀምረን ቅዳሜ በጥቁር እንድንጨርስ ደረደርነው፤ ከሣሣው ወደ ደማቁ ሲኬድ በመካከል ያለው እጥበት ይቀላል፣ ከባዱ እጥበት የሚያስፈልገው ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን ያወጡት ጋሼ ናቸው።

አሁን ማንኛውም የማሻሻያ ሐሳብ ሲቀርብ ቅጹ ላይ «በውሃው፣ በእንፋሎቱና በፍሳሹ ላይ ምን ያመጣል?» የሚል ሣጥን አለ፤ ሳይሞላ አይፈረምም። የማህደሩን የአካባቢ ተጽዕኖ ሠንጠረዥም ከነካሪዎቹ ጋር ማሽኑ ሥር ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የአይ.ኤስ.ኦ. 14001 ደረጃ አመራሩ ሥርዓቱን ከዕለት ሥራ ጋር እንዲያዋህድ ይጠይቃል፤ ማቀድ፣ መተግበር፣ መፈተሽና ማረም የሚለው ዑደቱም ካይዘን የሚሄድበት ያው ነው። ይህን ሁሉ ሥልጠና ላይ ሰምቼው ነበር፤ የገባኝ ግን እርጥቡን ጨርቅ ስዳስስ ነው። ሰሌዳው ላይ ሰዓቱ፣ ሊትሩና ጨው በኪሎ ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ የሚጽፈው የየፈረቃው ነካሪ ነው።

ድጋሚ የሚነከረው ጨርቅ በጣም ቀንሷል፤ ባለፈው ክረምት ቀለሙ ጨለመ ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። የጨው ነገር ግን ገና ነው። በመጀመሪያው ነከራ የሚገባው ጨው ዛሬም ሙሉ በሙሉ ወደ ወንዙ ይሄዳል። ባነሰ ጨው ክሩ ላይ የሚይዝ ቀለም አቅራቢው ናሙና ልኮልናል፤ በመጪው ሳምንት በትንሹ ማሽን ላይ እንሞክረዋለን፣ ሊትሩንና ኪሎውን የሚመዘግቡትም ጋሼ ናቸው።