ለኤሮቢክስ ውድድር ደብረ ብርሃን ላይ መዘጋጀት
ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች መጀመሪያ የሚያጥረው ትንፋሽ ነው። የጅምናስቲክ ኤሮቢክስ ትርኢት 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ብቻ ቢሆንም ማረፊያ የለውም። ስለዚህ ለሁለት ከፍላችሁ ጀምሩ፤ በመሃል 2 ደቂቃ እረፉ፣ ትንፋሽ ሲለምድ ሁለቱን ክፍል አያይዙት። የጠዋቱ ብርድ ጡንቻ ስለሚያኮማትር ማሟሟቂያው ከ15 ደቂቃ አይነስ።

ነጥብ በከንቱ የሚባክነው ከዝላይ በኋላ ነው። ጉልበት ተገትሮ ከታረፈ ሰውነት ይወዛወዛል፣ ዳኛም ይቀንሳል። በእግር ጣት ጀምሮ ወደ ተረከዝ፣ ጉልበት ለስለስ ብሎ፣ ሆድ ጠበቅ ብሎ! ይህን ሲሚንቶ ላይ አትደጋግሙት፤ ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። ፍራሽ ይሻላል።

ሰባቱ መሠረታዊ እርምጃዎች (ማርሽ፣ ሶምሶማ፣ ስኪፕ፣ ጉልበት ማንሳት፣ እግር መወርወር፣ እግር ከፍቶ መዝለል እና ላንጅ የሚባለው አንድ እግር ዘርግቶ መርገጥ) ከክንድ እንቅስቃሴ ጋር ይዋሐዱ። የአዋቂዎች መወዳደሪያ 10 በ10 ሜትር ነው፤ ልምምዱንም በዚያው ልክ አስምሩ፤ ከመስመር መውጣት ነጥብ ያስቀንሳል።