ሣቁ ገጹ ሲገለጥ ነው

ለልጆች ጮክ ብዬ የማነበውን አስቂኝ ባለሥዕል መጽሐፍ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ቀልዱ የቱ ጋ እንደተቀመጠ ነው። ብዙዎቹ 32 ገጽ ናቸው፤ ቦታው ጠባብ ነው። ጥያቄው በቀኝ ገጽ አልቆ መልሱ ገጹ ሲገለጥ የሚመጣ ከሆነ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተቀመጡ ግን ዓይናቸው አንባቢውን ቀድሞ መልሱን ያገኘዋል፤ ሣቁም ሳይጀመር ይከስማል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጽሑፉና ሥዕሉ የማይስማሙበትን ነው። ጽሑፉ «ድመቷ የት ገባች?» ይላል፤ ሥዕሉ ላይ ጅራቷ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረው ልጅ እዚህ ላይ ከአንባቢው የበለጠ ያውቃል፤ «ያቻትና!» ብሎ ይጮሃል። አንባቢው ያኔ እንዳላየ ሆኖ «የት? መጋረጃው ጋ?» ማለት አለበት። ቶሎ «አዎ፣ ጎበዝ» ካለ ጨዋታው አለቀ።

ዕድሜም ይታሰብ። ላም «ሚያው» ስትል የ3 ዓመት ልጅ በሣቅ ይንከተከታል፤ የላምን ድምፅ ገና በቅርቡ ስለለየ ስህተቱን ራሱ ይይዘዋል። በቃላት ድርብ ትርጉም የሚቀልደው ግን እስከ 6 ዓመት ገደማ ቢቆይ ይሻላል።

ለብዙ ልጆች የሚነበብ ከሆነ መጽሐፉን አቁሜ ሁለት ሜትር ያህል እርቃለሁ። ቀልዱን የያዘው ነገር ካልታየኝ፣ መጽሐፉ አንድ ልጅ ጭን ላይ ተቀምጦ የሚነበብለት ነው። ቀጥሎ ድምፅ አውጥቼ እሞክረዋለሁ፤ ምላስ የሚያስር ዐረፍተ ነገር ቀልዱን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ጽሑፉም ከበዛ የትንሹ ልጅ እጅ ገጹን ሊገልጥ ይመጣል።

በሰው ውፍረት ወይም በመንተባተብ የሚያስቀውን፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አልወስደውም። ከሚያዳምጡት መካከል ያ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ሐረግ በአራተኛው ሲለወጥ፣ ከመለወጡ በፊት ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ካልሣቁ ማብራራት አያስፈልግም፣ ወደሚቀጥለው ገጽ ማለፍ ነው። «እንደገና!» ካሉ ደግሞ በሁለተኛው ንባብ የሐረጉን የመጨረሻ ቃል ለእነሱ እተወዋለሁ።