ራውተሩ ነው አልኩሽ!

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ባለቤቴን የፈረንሳይ ፊልም ላሳያት ብዬ የሆንኩትን ልንገራችሁ። ፊልሙ «ላ ዤቴ» ይባላል። ክሪስ ማርከር በ1962 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ 28 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የፍቅርና የትዝታ ፊልም ነው ሲሉኝ በቃ፣ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ቀረበ፣ መብራት አጥፍተን ላፕቶፑ ፊት ጉብ አልን።

ጀመረ። የፓሪሱ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ታየ። እዚያው ቆመ።

ተራኪው ግን ያወራል። አንድ ልጅ እዚያ ያያት ሴት ፊት ዕድሜ ልኩን ከአእምሮው አልወጣ ማለቱን፣ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ፓሪስን ማውደሙን... ምስሉ ንቅንቅ የለም። ቆይቶ ወደ ሌላ ምስል ይዘልና እዚያም ድርቅ። «ኮኔክሽኑ ነው» አልኩ። ጥራቱን ቀነስኩት። ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው። ያ ልጅ አድጎ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሰውየውን ምድር ቤት አጋድመው መርፌ እየወጉ ወደ ድሮው ዘመን ሲልኩት እኔ ዓይኔ ያለው ዋይፋዩ ምልክት ላይ ነው።

ዋይፋዩን ከአከራያችን ጋር ተካፍለን ነው የምንከፍለው። ልጃቸው ደግሞ ጌም ላይ ነው የሚያድረው። ደሜ ፈላ። በቢጃማ፣ አንድ እግሬ በራሴ ሌላው በባለቤቴ ነጠላ ጫማ፣ ግቢውን አቋርጬ ገባሁ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ኢንተርኔቱ ሞቷል፤ ራውተሩን አንዴ ላጥፋው።»

እትዬ ስልካቸውን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው ዱባይ ካለችው ልጃቸው ጋር በቪዲዮ እያወሩ ነበር። ኢንተርኔቱ ከሞተ እሳቸው በምን እያወሩ ነው ብዬ ማሰብ የነበረብኝ ያኔ ነው። ነቀልኩት። ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች።

ስመለስ ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ቪዲዮው ቀድሞ ስለተጫነ አልተቋረጠባትም።

«አየሃት? ዓይኗን ገለጠች እኮ!»

«ማን?»

«ሴትዮዋ! ተኝታ፣ ዝም ብላ ቆይታ፣ ድንገት ዓይኗን ገልጣ እርግብግብ አደረገችው!»

ደረቴን ነፋሁ። «ራውተሩ ነው አላልኩሽም?»

ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሰውየውና ሴትዮዋ ሙዚየም ገብተው፣ ገለባ የተጠቀጠቁ እንስሳት መሃል ይዘዋወራሉ። እንስሳቱም አይንቀሳቀሱም፣ እነሱም አይንቀሳቀሱም። ይሄኔ የእትዬ ልጅ በሩ ላይ ቆሟል፤ «እማዬ ምን ሆኖ ነው ብላለች» አለና ስክሪኑን አየት አደረገ።

«ጋሼ፣ ድምፁ ግን አልተቆራረጠም እኮ።»

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩ። ለካ ፊልሙ ከፎቶ ነው የተሠራው! ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ። በ28 ደቂቃ ውስጥ በእውነት የሚንቀሳቀሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ለጥቂት ሰከንድ፤ እሱም ሴትዮዋ ዓይኗን ስትገልጥ። እኔ በዚያች ሰዓት የሰው ሳሎን ውስጥ ሶኬት እየነቀልኩ ነበር።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ብቻ ሰውየው ኦርሊ ላይ ወደዚያች ሴት ሲሮጥ፣ ሩጫው እንኳ ፎቶ ሆኖ፣ ልቤ ድው ድው ሲል ነበር። እንዳለቀ ያቺን ዓይን ልያት ብዬ ወደ ኋላ መለስኩት። መጫኛው ይዞራል፣ ይዞራል። አሁንስ አልሸወድም ብዬ ትንሽ ታገስኩ። ከዚያ ዋይፋዩ ፓስወርድ አስገባ አለኝ። የድሮውን አስገባሁ። አልተቀበለም።

ልጁ አሁንም በሩ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እማዬ ነች ቀይረው ያለችኝ።»